የቤት ልሳን፦ ሕፃንን ከጡት ጀምሮ በሁለት ቋንቋ ስለማሳደግ

(በደብሩ የምሥረታ በዓል ለወላጆች የቀረበ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአሜሪካ በሚገኙ አጥቢያዎች ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ንስሐ ሊገባ ወደ ካህኑ ይቀርባል። ልጁ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነውና አማርኛ በጆሮው እንጂ በአንደበቱ የለም። ካህኑ ደግሞ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ የተሰደዱ ናቸውና እንግሊዝኛው ለመንገድና ለገበያ ቢበቃቸውም ለነፍስ ነገር አያደርሳቸውም። ስለዚህ እናቱ በመካከል ትቆማለች፤ የልጇን ኀጢአት ለካህኑ፣ የካህኑን ምክር ለልጇ ልትተረጉም። ልጁ እናቱን ቀና ብሎ ያያትና አንገቱን ይደፋል፤ «ምንም የለኝም» ይላል። ካህኑ ይባርኩታል። ልጁም ተሸክሞት የመጣውን ተሸክሞ ይመለሳል።

ይህ ልጅ ከቤተ ክርስቲያን የራቀ አይደለም፤ በእግሩ መጥቷል። ወላጆቹም ሃይማኖታቸውን የዘነጉ አይደሉም፤ በአርባ ቀኑ አስጠምቀውታል፣ በየሰንበቱ አምጥተውታል። የጎደለው በአባትና በልጅ መካከል የሚያገናኝ ቃል ነው። ያ ጉድለት ደግሞ በዐሥራ አምስት ዓመቱ የተፈጠረ ሳይሆን ገና በእቅፍ ሳለ የጀመረ ነው። የዛሬው ትምህርትም ስለዚያ የእቅፍ ዘመን ነው፦ ሕፃን ከልደቱ ጀምሮ የወላጆቹን ቋንቋና የሚኖርበትን አገር ቋንቋ አጣምሮ በቤት ውስጥ እንዴት ሊያድግ እንደሚችል።

እስኪያስተውል የማትጠብቅ እናት

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በአርባ ቀኑ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀኗ ታጠምቃለች፤ ዕለቱንም ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ታቀብላለች። «ሕፃን ነውና ምን ያውቃል፣ አድጎ ሲያስተውል ይምጣ» አትልም። የማያስተውለውን ሕፃን በሚያስተውሉ ሰዎች መካከል አስቀምጣ፣ ዜማውን እያሰማች፣ ዕጣኑን እያሸተተች ታሳድገዋለች እንጂ። ማስተዋሉ ከመኖር በኋላ ይመጣል።

በጥምቀት ይህን የሚቀበሉ ወላጆች ግን በቋንቋ ጊዜ ተቃራኒውን ሲያደርጉ ይታያሉ። «አስቀድሞ እንግሊዝኛውን ይወቅ፤ አማርኛውን ከፍ ሲል እናስተምረዋለን» ይላሉ። ከፍ ሲል ግን ልጁ ከወላጆቹ ጋር የሚነጋገርበት ልማድ ተተክሎ ያድራል፤ ልማድን መንቀል ደግሞ ቋንቋን ከማስተማር ይከብዳል።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ነገር ያውቀዋል። ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያመሰግን ምንጩን አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን አድርጎ ይጠራል፤ ጢሞቴዎስም ቅዱሳት መጻሕፍትን ያወቀው ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደ ሆነ ይመሰክራል። የጢሞቴዎስ አባት ግሪካዊ እንደ ነበረ የሐዋርያት ሥራ ይነግራል። ያ ቤት በዛሬው አነጋገር የሁለት ሕዝብ ቤት ነበር፤ የእናቲቱ ወገን የያዘው ግን በዚያ ቤት አልጠፋም። በነህምያ ዘመን ደግሞ የባዕድ አገር ሴቶችን ካገቡ አይሁድ ልጆች እኩሌቶቹ የአይሁድን ቋንቋ መናገር እንዳልቻሉ ተጽፏል። ነህምያ በዚያ ጊዜ የተቆጣው በአባቶቻቸው ላይ ነበር፤ በልጆቹ ላይ የተናገረው አንድም ቃል የለም።

ሕፃን ምን ይሰማል?

ሕፃን በማኅፀን ሳለ በመጨረሻዎቹ ወራት የእናቱን ድምፅ ይሰማል፤ ተወልዶም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድምፅዋን ከሌላ ሴት ድምፅ እንደሚለይ በጥናት ታውቋል። የእናቱ ንግግር የመጀመሪያው ትምህርት ቤቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ ባወጡት ጥናት፣ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤት የሚያድጉ የስድስትና የሰባት ወር ሕፃናት ፈጽሞ ሰምተውት የማያውቁትን የሕንድኛ ድምፅ ከሌላው ሲለዩ ተገኙ። ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ ግን ያ ችሎታ እጅግ ቀንሶ ታየ። ጆሮ በየቀኑ የማይሰማውን ድምፅ መለየት ይተዋል ማለት ነው። አማርኛ ጠንካራ ድምፆች አሉት፤ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ በእንግሊዝኛ የሉም። «ጠራ» እና «ተራ» ለአገር ቤት ሕፃን ሁለት ነገር ናቸው። ይህን ልዩነት ያለ አስተማሪ ያለ ድካም የሚቀበል ጆሮ ለሁሉም ሕፃን ተሰጥቷል፤ ነገር ግን ሳይሰማ እንዳያልፍበት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በሲያትል የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ከቻይንኛ ጋር አስተዋወቁ። አንዱ ቡድን ቻይንኛ ተናጋሪ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ መጽሐፍ እያነበበ በመጫወቻ እያጫወተው ለዐሥራ ሁለት ጊዜ ሰማ። ሌላው ቡድን ያንኑ ሰው ያንኑ ያህል ጊዜ በቴሌቪዥን አየ። ሰው ያጫወታቸው ሕፃናት የቻይንኛውን ድምፅ ለመለየት በቁ፤ በቴሌቪዥን ያዩት ግን ምንም አልተማሩም። እንግዲህ በዩቲዩብ የአማርኛ መዝሙርና ተረት ከፍቶ ሕፃኑን ከፊቱ ማስቀመጥ የወላጅን አፍ አይተካም።

አያት በስልክ ስትታይ ግን ነገሩ ይለያል። ሌላ ጥናት እንዳሳየው የሁለት ዓመት ሕፃናት ከተቀረጸ ቪድዮ ያልተማሩትን አዲስ ቃል በቀጥታ ከሚያነጋግራቸው ሰው በስክሪን ተምረዋል። ምክንያቱም የምታነጋግረው ሴት ሲስቅ ትስቃለች፣ ሲጠይቅ ትመልሳለች። በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ያለች አያት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ «የኔ ጌታ፣ ዛሬ ምን በላህ?» ብትለው፣ ይህ ለናፍቆቷ መወጫ ከመሆኑም ሌላ ለሕፃኑ እውነተኛ ትምህርት ነው።

ፍርሃቱና መልሱ

ብዙ ወላጆች ሁለት ቋንቋ ልጁን ግራ ያጋባዋል፣ አፉን ያስራል ብለው ይሰጋሉ። ይህ ስጋት የእነርሱ ብቻ አልነበረም፤ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ብዙ ምሁራንም እንዲሁ ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ኤሊዛቤት ፒልና ዋላስ ላምበርት በሞንትሪያል የዐሥር ዓመት ልጆችን መርምረው ሁለት ቋንቋ የሚያውቁት በፈተናው ከባለ አንድ ቋንቋዎቹ የተሻሉ ሆነው ስላገኙ ያ አስተሳሰብ ተናወጠ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ሕመም እንደማያመጣ አረጋግጧል።

እውነት ነው፤ የሁለት ዓመት ሕፃን በእንግሊዝኛ ብቻ ሲቆጠር ከጎረቤቱ ልጅ ያነሰ ቃል ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን በአማርኛ «ዳቦ፣ ውኃ፣ እማዬ፣ መብራት» የሚለውም ቃል ነውና አብሮ መቆጠር አለበት። የሁለቱ ኪሶች ገንዘብ ሳይደመር ሰው ድሃ አይባልም። የሕፃኑ ንግግር በሁለቱም ቋንቋ የዘገየ ከሆነ ግን ጉዳዩን በቋንቋ ብዛት አሳብቦ ዝም ማለት አይገባም፤ ጆሮው መመርመር፣ ለንግግር ባለሙያም መታየት አለበት። ባለሙያውም በሁለቱም ቋንቋ ያለውን ችሎታ እንዲመለከት ወላጅ መጠየቅ ይችላል።

ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ «በቤት የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው?» የሚል ቅጽ ይመጣል። አንዳንዱ ወላጅ ልጁ ወደ ኋላ እንዳይቀርበት ፈርቶ «እንግሊዝኛ» ብሎ ይሞላል፤ ሌላው ከአስተማሪ «በቤት እንግሊዝኛ ብትናገሩ ይሻላል» የሚል ምክር ሰምቶ በዚያው ምሽት ቋንቋውን ይለውጣል። ምክሩ ከቅን ልብ ሊመጣ ይችላል፤ ነገር ግን በተሰበረ እንግሊዝኛ የሚነገር አጭር ትእዛዝ በሙሉ አማርኛ ከሚነገር ረጅም ጨዋታ አይበልጥም። እንግሊዝኛውን መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ መጫወቻ ሜዳው ሳይጠየቁ ይሰጡታል። አማርኛውን ግን ቤቱ ካልሰጠው የሚሰጠው የለም።

የሰዓቱ ሒሳብ

«ሰንበት ትምህርት ቤት አለ አይደለም ወይ?» የሚል ወላጅ ቢኖር ሒሳቡን አብሮ ያስላ። የሁለት ዓመት ሕፃን ከሃያ አራቱ ሰዓት ዐሥራ ሁለቱን ያህል ይተኛል፤ ስለዚህ በሳምንት ነቅቶ የሚቆየው 84 ሰዓት ነው። በሕፃናት ማቆያ በቀን 7 ሰዓት ነቅቶ ቢቆይ በአምስት ቀን 35 ሰዓት በእንግሊዝኛ ይሄዳል። የቀረው 49 ሰዓት የቤት ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ድርሻ 2 ሰዓት ቢሆን ከ84ቱ ከአርባ ሁለት አንድ እጅ ማለት ነው። ደብሩ የቱንም ያህል ቢተጋ በዚያች አንድ እጅ ቋንቋ አያበቅልም። የቤቱ 49 ሰዓት ግን ያበቅላል።

ወላጅ ደክሞት ይገባል፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ሌሊት የሚያድር አለ። የሚጠየቀው ግን ተጨማሪ ሰዓት አይደለም። ገላ ሲታጠብ «ክንድህን አንሣ፣ ውኃው ሞቀህ? ይኸው ሳሙናው አመለጠን» ማለት፣ በመኪና ሲኬድ «ቀዩ መብራት አስቆመን» ማለት፣ ሽንኩርት ሲላጥ ለምን ዓይን እንደሚያስለቅስ መንገር ነው። የሚሠራው ሥራ ያው ነው፤ አፍ ብቻ ይጨመርበታል።

በግንባታ ሥራ የታወቀ ነገር አለ። አርማታ ከተሞላ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ውኃ እየጠጣ ይጠነክራል፤ በ28ኛው ቀን ጥንካሬው ይለካል። በመጀመሪያው ሳምንት የተነፈገውን ውኃ ከሦስት ወር በኋላ በበርሜል ቢያፈሱለት ያንኑ ያህል አይጠቅመውም። ሰው ግን አርማታ አይደለምና በዐሥር ዓመቱም በሃያ ዓመቱም ቋንቋ ይማራል፤ ዘግይቻለሁ ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ወላጅ አይኑር። ብቻ ሕፃኑ በነጻ ይወስደው የነበረውን ጎልማሳው በድካም ይገዛዋል።

ማን በምን ይናገር?

እ.ኤ.አ. በ1908 ለፈረንሳዊው የቋንቋ ምሁር ለዡል ሮንዣ ሉዊ የሚባል ልጅ ተወለደለት፤ እናቱ ጀርመናዊት ነበረች። ሞሪስ ግራሞን የተባለ ምሁር «እያንዳንዱ ሰው ከሕፃኑ ጋር በአንድ ቋንቋ ብቻ ይነጋገር» የሚል ምክር ሰጥቶት ነበርና አባት በፈረንሳይኛ፣ እናት በጀርመንኛ አሳደጉት። አባትየው በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ ልጁ ሁለቱንም ሳያደናግር እንደ ያዘ ጻፈ። ከወላጆቹ አንዱ ብቻ አማርኛ በሚያውቅበት ቤት ይህ መንገድ ይሠራል፤ አማርኛ የሚያውቀው ወላጅ ግን ብቻውን ነውና አያት፣ አክስት፣ የክርስትና እናት ሊያግዙት ይገባል።

ሁለቱም ወላጆች አማርኛ ተናጋሪ ከሆኑ ግን ቤቱን በሙሉ የአማርኛ ማድረግ ይበልጣል። አኒክ ደ ሃወር የተባለች ተመራማሪ በቤልጅየም 1,900 ያህል ባለ ሁለት ቋንቋ ቤተሰቦችን ጠይቃ በ2007 ባወጣችው ጥናት፣ ከልጆቹ አንድ አራተኛ ያህሉ የወላጆቻቸውን ቋንቋ ፈጽሞ አይናገሩም ነበር። ሁለቱም ወላጆች በቤት ያንኑ ቋንቋ በተናገሩበት ግን ልጆቹ ሳይናገሩት የቀሩት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ የአፍ መፍቻቸው የሆነ ወላጆችም በደብሩ አሉ። የተባለው ሁሉ ለእነርሱም ቋንቋ ነው፤ እናት ልብዋን የምትናገርበት ቋንቋ ከሁሉ አስቀድሞ ለልጅዋ የሚገባው ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። እንግሊዝኛ ለሁሉ አንድ «ዩ» ሲኖረው አማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ብሎ ይለያል። አማርኛ ከእናቱ ብቻ የሚሰማ ወንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ «ና፣ ብላ፣ ተኛ» ሲባል ይውልና የሰማውን መልሶ «እማዬ ና» ይላታል። ሴቷም አባቷን «አባዬ ነይ» ትለዋለች። ቄሱንም «አንተ» ይሏቸዋል። ባለጌ ሆነው አይደለም፤ ሰው ለሌላ ሰው እንዴት እንደሚናገር ስላልሰሙ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ልጆቻቸው እየሰሙ እርስ በርሳቸው በአማርኛ ይጫወቱ፤ ለአያት በስልክ «እርስዎ» ሲባል ልጁ አጠገብ ይሁን። ክብር የሚወረሰው ከመስማት ነው።

ሕፃኑ በእንግሊዝኛ ሲመልስ

በሦስትና በአራት ዓመቱ ልጁ ትምህርት ቤት ቀምሶ ይመጣና በአማርኛ ሲጠየቅ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ብዙ ቤት የሚፈታው በዚህ ጊዜ ነው። ኤሊዛቤት ላንዛ በኖርዌይ አሜሪካውያን እናቶችና ኖርዌያውያን አባቶች ያሏቸውን ሁለት ሕፃናት ተከታትላ የወላጆችን ምላሽ በአምስት ደረጃ ከፍላለች። ወደ አማርኛ ቤት ቢመጣ እንዲህ ይሆናል። ልጁ «ዋተር» ይላል። አንዱ ወላጅ እንዳልገባው ሆኖ «ምን ፈለግህ?» ይላል። ሁለተኛው «ውኃ ነው የፈለግኸው?» ብሎ ይገምትለታል። ሦስተኛው «እሺ፣ ውኃ ላምጣልህ» ብሎ ቃሉን ይመልስለታል። አራተኛው ዝም ብሎ ይቀዳለታል። አምስተኛው «ኦኬ፣ ዋተር» ብሎ ራሱ ይሻገራል። ከላይ ያሉት ልጁን ወደ አማርኛ ይጠሩታል፤ የመጨረሻው ግን አማርኛ እንደማያስፈልግ ያስተምረዋል።

ይህም በቁጣ አይሁን። አማርኛ የቅጣት ቋንቋ ከሆነ ልጅ ይሸሸዋል። ልጅ ወድቆ እያለቀሰ ሲመጣ ማቀፍ ይቀድማል፤ ቋንቋውን ለመጠየቅ ያ ጊዜው አይደለም። ልጁ ሲሳሳትም አይሳቅበት። ከቅዳሴ በኋላ በሻይ ሰዓት ሕፃን «ጠ»ን «ተ» አድርጎ ሲናገር ትልልቆች ሲስቁ፣ ሌላው እየተጠራ «እስቲ ድገመው» ሲባል ይታያል። ሳቁ የፍቅር ነው፤ ሕፃኑ ግን የሚረዳው አፉን ሲከፍት እንደሚሳቅበት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሰንበት ዝም ይላል።

አራትና አምስት ዓመት ሲሆነው ፊደል ይጀመር። 231ዱ ፊደላት በአንድ ክረምት ባይያዙ አያስፈራም፤ በቀን አንድ ቤት ከሀ እስከ ሆ ቢባል ሠላሳ ሦስት ቀን ነው። ነገር ግን ፊደላችን ጥብቀትን አይጽፍም፤ «ገና» በዓሉና «ገና» ያልደረሰው በአንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ቋንቋውን በጆሮው የሚያውቅ ልጅ ሳያስብ ይለያቸዋል፤ በፊደል ብቻ የመጣው ግን ይደናቀፋል። ስለዚህም ንግግር ከንባብ ይቅደም።

ለልብ የሚሆን ቃል

ወደ መጀመሪያው ልጅ መመለስ ይገባል። ያ ልጅ አማርኛ ፈጽሞ አያውቅም ማለት አይደለም። «ና፣ ብላ፣ ተነሣ፣ ዝም በል፣ በሩን ዝጋ» ሲባል ያውቃል፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲታዘዝበት ኖሯል። ያላገኘው «አፈርሁ፣ ፈራሁ፣ ቀናሁ፣ ዋሸሁ፣ ተጸጸትሁ» የሚለውን ነው። እነዚህን ቃላት በቤት የነገረው የለም። በቤት አማርኛ ትእዛዝ ነበር፤ ጨዋታው፣ ጭንቀቱ፣ ምስጢሩ ሁሉ በእንግሊዝኛ ከጓደኛ ጋር ነበር። እንግዲህ በንስሐ ጊዜ ከየት ያምጣቸው?

እነዚህ ቃላት የሚተከሉት በሁለትና በሦስት ዓመት ነው። ሕፃኑ ወንድሙን ሲመታ «ተናደድህ፣ አይደል? መጫወቻህን ወሰደብህና ከፋህ። ና፣ ይቅርታ በለው» የምትል እናት ለንስሐ አባቱ መንገድ እየጠረገች ነው። አባትም ያለ ምክንያት ጮኾበት እንደ ሆነ ምሽት ላይ አጠገቡ ተቀምጦ «ተቆጥቼ አስለቀስሁህ፤ ይቅር በለኝ ልጄ» ቢል፣ ልጁ በዚያች ሌሊት የአማርኛ ኑዛዜ ምን እንደሚመስል ከአባቱ አፍ ይሰማል።

ቤተ ክርስቲያን የአንድ ቋንቋ እስረኛ አይደለችም። በአራተኛው መቶ ዓመት በአክሱም የንጉሥ ኢዛና ጽሑፍ በግእዝ፣ በሳባና በግሪክ ፊደል በድንጋይ ተቀርጿል፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም በባዕድ አገር ተወልዶ በአክሱም ያደገ ነበር። በዓለ ሃምሳም ሁሉ በየቋንቋው የሰማበት ቀን ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚናዘዝ ልጅ እንግሊዝኛ የሚሰሙ ካህናት ያስፈልጉታል፤ አጥቢያዎችም ይህን ሊያዘጋጁ ይገባል። ነገር ግን ሕፃኑ አንዱን በር ብቻ ይዞ እንዲያድግ የሚያስገድድ የለም። ሁለት በር ይዞ ሊያድግ ይችላልና።

እንግዲህ ወላጆች ዛሬ ማታ ሕፃኑን ሲያስተኙ፣ የክርስትና አባቶችና እናቶች ልጃቸውን በደጅ ሲያገኙ፣ ካህናትም በመስቀል ሲባርኩ ቀስ ብለው፣ ግልጽ አድርገው፣ መልሱንም በትዕግሥት ጠብቀው በአማርኛ ያነጋግሩት። «ስምህ ማን ነው?» ብቻ አይበቃውም፤ «ዛሬ ምን አስደሰተህ?» ይባል። ይህ መጽሐፍ በአማርኛ ተጽፏል። ሌላ የምሥረታ በዓል ሲመጣ የዛሬው ሕፃን ገልጦ ቢያነበውና እናቱን «ይህን ስትናገሩ እኔ የት ነበርሁ?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «በእቅፌ ሆነህ ትሰማ ነበር» ብላ የምትመልስ ያድርጋት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።